ሽጉጥ ሲመረጥ፦ በስሙ ወይስ በቃታው?



ሂስ የሚባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነዘረው በመጽሐፍ፣ በቲያትር ወይም በዘፈን ላይ ነው። ይሁንና ዕቃም የሰው እጅና የሰው ሐሳብ ውጤት በመሆኑ ሊመሰገንም ሊነቀፍም ይገባዋል። በተለይም ከደሞዛችን ቆጥበን የምንገዛው፣ በልጆቻችን እጅ የምናስገባው ዕቃ ሲሆን በዝምታ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በመሆኑም ሂሴን የምሰነዝረው በኢላማ መተኮሻ ሽጉጥ፣ ከሽጉጡም ይልቅ በእኛ አመራረጥ ላይ ነው።

ገና "ሽጉጥ" ስል ግንባራችሁን እንደምትቋጥሩ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም። ለእናቶቻችን ትውልድ ሽጉጥ ማለት በቀይ ሽብር ዘመን በካድሬ ወገብ ላይ የታየው፣ ሌሊት በር የሚያንኳኳው ሰው የታጠቀው ነገር ነው። እኔ የማወራላችሁ ግን ስለ ሌላ መሣሪያ ነው። በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር የሚሠራ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር የሆነች ትንሽ የእርሳስ ጥይት ከአሥር ሜትር ርቀት ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ፣ የኦሎምፒክ ውድድር የሚደረግበት የስፖርት ዕቃ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ስለተጠሩ አንድ አይሆኑም። የሽንኩርት መክተፊያውም ጎራዴውም ስለት አላቸው፤ መክተፊያውን ከወጥ ቤት ያስወጣ ሰው ግን አላየሁም።

ጉዳዩ ደግሞ ከደጃችን ደርሷል። እኛ በምንኖርባት ሮም፣ በቶር ዲ ኩዊንቶ በኩል የሚያልፍ ሁሉ የብሔራዊ ኢላማ ተኩስ ማኅበሩን ሰፈር ያውቀዋል። ጣሊያኖች ይህን ስፖርት በሕግ ያደራጁት እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። በ1960ው የሮም ኦሎምፒክ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲያሸንፍ፣ የሽጉጥ ተኩስ ውድድሮችም የተካሄዱት በዚሁ ከተማ በኡምቤርቶ ቀዳማዊ የተኩስ ሜዳ ነበር። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ወደዚህ ስፖርት መሄድ ሲጀምሩ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ወይም ሌሊት የሚነዳ አባት "የትኛው ይሻላል? ስንትስ ያወጣል?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ትክክል ካልሆነ የሚጎዳው ኪስ ብቻ አይደለም፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ራሳችን ልማድ ጥቂት ልበል። እኛ መሣሪያን በስሙ የምናወድስ ሕዝብ ነን። ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያልን በፉከራውም በሽለላውም የባለቤቱን ክብር ከጠመንጃው ስም ጋር አያይዘናል። ሰናድር "ስናይደር" ከሚለው የፈለሰፈው ሰው ስም የመጣ ነው። ውጅግራም "ፉዚል ግራ" የሚለው የፈረንሳይኛ አጠራር በገበሬው አንደበት ተለውዞ ነው። ይህ የቋንቋችን ሀብት ነው፤ አላጣጥለውም። ዳሩ ግን ለጦር ሜዳ የተበጀው መለኪያ ለኢላማ ሜዳ አይሠራም። ፎካሪው የሚያወድሰው የመሣሪያውን ድምፅ፣ የሚያደርሰውን ጉዳትና የሚጥለውን ፍርሃት ነው። የኢላማ ሽጉጥ ግን ድምፁ "ጧ" ከማለት አያልፍም፤ ማንንም አያስፈራም፤ ቢያስፈራም ነጥብ አያስገኝም። እንግዲህ በምን እንለካው?

አገር ቤት ሳለሁ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበርና እስቲ ሰሌዳው ፊት ልቁም። ወረቀቱ ላይ ያለው የአሥር ነጥብ ክብ ስፋቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ የእያንዳንዱ ቀለበት ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ነው። በሽጉጡ ላይ በፊት ማነጣጠሪያውና በኋላ ማነጣጠሪያው መካከል ያለው ርቀት በብዙዎቹ የውድድር ሽጉጦች 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተኳሹ ክንዱ እንዳለ ወደ ጎን 1 ሚሊ ሜትር ቢንሸራተት፣ ሽጉጡ አቅጣጫውን እስካልቀየረ ድረስ ጥይቷም ወረቀቱ ላይ የምትስተው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከቁምነገር አይገባም። ነገር ግን የእጅ አንጓው ታጥፎ የፊት ማነጣጠሪያው ብቻ በ1 ሚሊ ሜትር ቢዛባ፣ አሥር ሜትር ለ32 ሴንቲ ሜትር ሲካፈል 31 ያህል ይሆናልና ጥይቷ 31 ሚሊ ሜትር ትስታለች። ይህም ከሦስት ቀለበት በላይ ነው፤ አሥር ያሰባችሁት ሰባት ሆነ ማለት ነው። አሥር ለማግኘት የሚፈቀደው የማነጣጠሪያ መዛባት ሲሰላ ከሩብ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ፍርድ ግልጽ ነው። የኢላማ ሽጉጥ ጥሩ የሚባለው የእጅን አንጓ ሳያጣምም እንዲተኮስ ሲያደርግ ነው። አንጓን የሚያጣምሙት ደግሞ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የማይመች እጀታና የሚጎትት ቃታ። ስለዚህ መጀመሪያ እጀታውን፣ ቀጥሎ ቃታውን፣ ከዚያ ማነጣጠሪያውን፣ ከዚያ የክብደቱን ሚዛን እንመረምራለን። አፈሙዙ የመጨረሻው ነው። ለውድድር ተብለው የተሠሩት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ከጠረጴዛ ላይ ታስረው ቢተኮሱ ጥይቶቻቸውን በአሥሩ ክብ ውስጥ ያሳርፋሉ። በአፈሙዝ የሚመጻደቅ ሻጭ የሁሉንም ዕቃ ጠባይ የራሱ ብቻ አድርጎ እየሸጠላችሁ ነው።

ስለ እጀታ አንድ በአንድ ልናገር። የውድድሩ ሕግ ሽጉጡ በአንድ እጅ ብቻ እንዲያዝ፣ እጀታውም አንጓውን አልፎ ድጋፍ እንዳይሰጥ ያዛል። ስለዚህ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው የመዳፍና የእንጨቱ መግባባት ነው። እጀታ እንደ ጫማ ቁጥር አለው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ለግራኝ ለብቻው ይሠራል። ከመዳፉ በታች ያለችው መደርደሪያ ከፍና ዝቅ ትላለች። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ክንዳችሁን ዘርጉና ስትገልጡ ማነጣጠሪያዎቹ ሳታስተካክሏቸው ተሰልፈው ከተገኙ እጀታው የእናንተ ነው። ካልተሰለፉ በሞረድ ይሞረዳል፣ በእንጨት ማጣበቂያ ይሞላል፤ የታወቁ ተኳሾች ሳይቀሩ ይህን ያደርጉታል። የተሞረደ እጀታ ሲያዩ "ተበላሽቷል" የሚሉ ገዢዎች አሉ። አይደለም፤ ባለቤቱ ሥራውን የሚያውቅ ነበር ማለት ነው። የእሱ እጅ የእናንተ መሆኑ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ቃታውን በተመለከተ፣ በአየር ሽጉጥ ውድድር ቢያንስ 500 ግራም የሚመዝን ጉልበት ሊጠይቅ እንደሚገባ ሕጉ ይደነግጋል። ጥሩው ቃታ መጀመሪያ ለስለስ ብሎ ይሳብና አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ሳይንሸራተት፣ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ድንገት ይለቃል። መጥፎው እንደ አሮጌ መኪና ፍሪሲዮን ነው፤ የት ላይ እንደሚይዝ አይታወቅም። በኤሌክትሪክ የሚሠራም በሜካኒክ የሚሠራም አለ። ሞሪኒ የተባለው የስዊስ ሽጉጥ በኤሌክትሪክ ቃታው የተመሰገነ ነው። ለጀማሪ ግን በሚገባ የተስተካከለ የሜካኒክ ቃታ ምንም አይጎድልበትም፤ ባትሪም አይጠይቅም።

አሁን ወደ ገበያው እንውረድ። በመጠነኛ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል።

የመጀመሪያው የወታደር ሽጉጥ መልክ ያለው የጋዝ ሽጉጥ ነው። ቤሬታ 92ን በመልኩም በክብደቱም የሚመስል፣ በትንሽ የካርቦን ጋዝ ጠርሙስ የሚሠራ፣ መስኮት ላይ ሲያዩት የሚያምር ዕቃ። ቤሬታ በታሪኩ የተከበረ ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1526 ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት የጠመንጃ አፈሙዝ ስለማቅረቡ ሰነድ ያለው ነው። ነገር ግን ይህ አምሳያ ለመዝናኛ እንጂ ለውድድር የተሠራ አይደለም። ቃታው ከባድና ረጅም ነው፤ እጀታው ለሁሉም እጅ አንድ ዓይነት ነው፤ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ያለው ርቀትም አጭር ነው። በስም ለሚገዛ ሰው የተዘረጋ ወጥመድ ነው ብዬ ባልፍ አላጋነንኩም።

ሁለተኛው በእጅ ማንሻ አንድ ጊዜ ተስቦ አየር የሚያምቀው ነው። በብሬሻ አውራጃ የሚገኘው ኪያፓ የሚሠራው ፋስ 6004 የዚህ ዓይነት ነው፤ በ500 ዩሮ አካባቢ ይገኛል። ሩሲያ ሠራሹ ባይካል ኢዝ 46 ኤም ለብዙ ዓመታት የድሃ ተኳሽ ወዳጅ ተብሎ ሲመሰገን ኖሯል፤ ከ2014 ወዲህ በተጣሉት ማዕቀቦች ምክንያት አዲሱን በአውሮፓ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ እንጂ ያገለገለው አሁንም ይሸጣል። የእነዚህ ጥቅም ጠርሙስ መሙላት አለመፈለጋቸው ነው፤ ሳሎን ተቀምጦም ሜዳ ላይ ቆሞም ያው ናቸው። ጉድለታቸውን ግን ሻጮች አይነግሯችሁም። ለእያንዳንዱ ተኩስ ማንሻውን መሳብ ግድ ነው። ውድድሩ 60 ተኩስ ነው፤ ከማሟሟቂያው ጋር ሲደመር ክንድ ይዝላል። ከዚህም የባሰው፣ ማንሻውን ለመሳብ እጅ ከእጀታው ላይ ይላቀቃል፤ ስለዚህ በየተኩሱ አያያዝን እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል። ሰውነቱ ላልጠነከረ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይህን አልመክርም። ክንዱ ለጠና፣ ከቤቱ ርቆ ለመሄድ ጊዜ ለሌለው ጎልማሳ ግን እውነተኛ የኢላማ ሽጉጥ ነው።

ሦስተኛው ያገለገለ የውድድር ሽጉጥ ነው፤ የእኔም ፍርድ ወደዚህ ያደላል። ስታየር፣ ፋይንቨርክባው፣ ቫልተር፣ ሞሪኒ፣ እንዲሁም በቶስካና ሊዶ ዲ ካማዮሬ የሚሠራው ፓርዲኒ አዲስ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ዩሮ በላይ ያወጣሉ። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ያው ሽጉጥ በግማሽ ዋጋና ከዚያም ባነሰ ይገኛል። የአየር ሽጉጥ ባሩድ ስለማያቃጥል አፈሙዙ በቀላሉ አይበላም፤ የሚያረጁት የጎማ ማሸጊያዎቹ ናቸው፣ እነሱም በትንሽ ገንዘብ ይለወጣሉ።

ነገር ግን ያገለገለ መኪና የገዛ ሁሉ እንደሚያውቀው የሚታየው ቀለም ነው፤ የሚያስከፍለው የማይታየው ነው። በአየር ሽጉጥ የማይታየው ዕዳ ያለው በአየር ጠርሙሱ ላይ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተሠራበት ቀን ተቀርጿል፤ አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት የአገልግሎት ዕድሜ አሥር ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በውድድር አያስገባም፤ 200 ባር የሚደርስ ግፊት የታመቀበት ዕቃ ነውና ለደኅንነትም አይበጅም። አዲስ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ከ150 ዩሮ በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ "ሁለት ጠርሙስ አለው" የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ቀኑን ጠይቁ፤ ሁለቱም ካለፉ ከዋጋው ላይ ሁለቱንም ቀንሱ። ቀጥሎም ጠርሙሱ ሞልቶ አንድ ቀን ቢያድር ግፊቱ እንደማይወርድ አረጋግጡ። ቃታው ያለ አየርና ያለ ጥይት "ቀጭ" እያለ ለመለማመጃ የሚያገለግል መሆኑንም ተመልከቱ። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ለእኛ ዓይነት ሰው ትልቅ ሀብት ናት። ባዶ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ አንዲት ጥይት ሳያባክኑ፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ቃታ መሳብ ከማንኛውም ውድ ዕቃ የበለጠ ያስተምራል።

የጥይቱ ወጪ አያስፈራ። ጭንቅላቷ ጠፍጣፋ የሆነችው የውድድር ጥይት 500 የምትይዝ ቆርቆሮ ትሸጣለች። በአንድ ልምምድ 60 ብትተኩሱ አንዱ ቆርቆሮ ለስምንት ልምምድ ይበቃል።

በዚህ ቦታ አንድ ተደጋጋሚ ክርክር ማንሳት ግድ ይለኛል። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች ተራ መነጽሩን አድርጎ፣ አንድ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በድብልቅ ቡድን የብር ሜዳሊያ ሲወስድ ዓለም ሁሉ "አያችሁ! ዕቃ ምንም አይደለም!" አለ። እኔ ግን "እጁን ተመልከቱ" እላለሁ። በእጁ የነበረው እንደ ተፎካካሪዎቹ ሁሉ የውድድር ሽጉጥ ነበር። የተወው የዓይን መሸፈኛውንና ልዩ መነጽሩን እንጂ ቃታውንና እጀታውን አይደለም። ለመጠነኛ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ ምክር የለም፤ ጌጡን ተዉት፣ ዋናውን አትተዉ።

በአንጻሩ ደግሞ ውድ ዕቃ ሁሉን ያደርጋል ለሚሉ በ1996 አትላንታ የሆነውን ላስታውሳቸው። ቻይናዊው ዋንግ ዪፉ በአሥር ሜትር የአየር ሽጉጥ ሲመራ ቆይቶ የመጨረሻዋን ጥይት 6.5 አገባ፤ ጣሊያናዊው ሮቤርቶ ዲ ዶና በ0.1 ነጥብ ልዩነት ወርቁን ወሰደ። ዋንግም ራሱን ስቶ ወደቀ። ያን ጊዜ የተበላሸ ሽጉጥ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ስናጣምር እውነቱ ይገኛል። ጥሩ ሽጉጥ ነጥብ አይጨምርላችሁም፤ የራሳችሁን ነጥብ አይቀማችሁም እንጂ። መጥፎው ግን ይቀማል፤ ይባስ ብሎ ጥፋቱ የእጃችሁ ይሁን የዕቃው ለይታችሁ እንዳታውቁ ያደርጋል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ተማሪ ደግሞ አይሻሻልም። ይህን በክፍል ውስጥም ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው።

አሁን ወደ ኋላ ላቆየሁት ጉዳይ ልምጣ። በጣሊያን ሕግ ጉልበቱ ከ7.5 ጁል ያልበለጠ የአየር ሽጉጥ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ያለ መሣሪያ ፈቃድ ይሸጣል፤ የውድድር የአየር ሽጉጦችም ከዚህ በታች ናቸው። የባሩዱ ሽጉጥ ግን ፈቃድ፣ የሐኪም ማስረጃ፣ በተገዛ በ72 ሰዓት ውስጥም ለፖሊስ ማስመዝገብ ይጠይቃል። ስለዚህ ለእኛ ቤት የሚሻለው የአየሩ ነው። ሆኖም "ያለ ፈቃድ ይሸጣል" ማለት "እንደፈለጉ ይያዛል" ማለት አይደለም። ያለ በቂ ምክንያት ከቤት ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ሲጓጓዝም ባዶ ሆኖ፣ በሳጥኑ ተዘግቶ መሆን አለበት።

ይህን ለማንም ጣሊያናዊ ቤተሰብ የምነግረው እንደ ተራ ደንብ ነው። ለእኛ ቤተሰብ ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው። መልኩ የፖሊስ ሽጉጥ የሚመስለውን ዕቃ ጥቁር ቆዳ ያለው ልጃችን በቦርሳው ይዞ አውቶቡስ ላይ ሲወጣ የሚያየው ዓይን፣ የጎረቤቱን ልጅ ከሚያየው ዓይን ጋር አንድ ነው ብለን ራሳችንን አናታልል። የታክሲ ሹፌር በቀን ብዙ ዓይን ያነብባል፤ እኔም አንብቤአለሁ። በአንጻሩ የውድድር ሽጉጥ መልኩ ራሱ ይናገርለታል። የእንጨት እጀታው እንደ ሐኪም ዕቃ የተወሳሰበ ነው፤ የአየር ጠርሙሱ ከሥር ተንጠልጥሏል፤ ሳጥኑ የሙዚቃ መሣሪያ መያዣ ይመስላል። ለወገብ አይሆንም፤ ለኪስም አይሆንም። ሰውን የማያስፈራው መሣሪያ ለኢላማውም የተሻለው ሆኖ መገኘቱ፣ በዚህ ዕቃ ላይ ካገኘኋቸው ምስጋናዎች ሁሉ ትልቁ ነው። በስሙና በመልኩ የሚመርጥ ሰው ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱን ያጣል፤ ነጥቡንም ደኅንነቱንም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ምክሬ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምንም አትግዙ። ልጃችሁ በማኅበሩ ሽጉጥ ለጥቂት ወራት ይለማመድ፤ የእጁን ልክ፣ የሚስማማውን ክብደትና የራሱን ትዕግሥት ይወቅ። ፍላጎቱ ከጸና፣ ያገለገለ የውድድር ሽጉጥ ከአሠልጣኙ ጋር ሆናችሁ ፈልጉ። ከያዛችሁት ገንዘብ ላይ ለአንድ አዲስ ጠርሙስ የሚበቃውን አስቀድማችሁ ለዩ። ለልዩ ጫማ፣ ለልዩ መነጽር፣ ለኮፍያ ገና ነው። ቤት ውስጥ ሽጉጡ በቁልፍ፣ ጥይቱም በሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሰው ቤት አዳሪ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ አሠሪዎቻችሁ ሳያውቁ ወደ ቤታቸው አታስገቡት፤ ከማኅበሩ ጋር ተነጋግራችሁ እዚያው የሚቀመጥበትን መንገድ ጠይቁ።

የሚከፈለው ገንዘብ ቀላል አይደለም። 700 ወይም 800 ዩሮ ለብዙዎቻችን አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ነው፤ የታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የእናት መድኃኒት ነው። ይህን ገንዘብ በስም ላይ ማፍሰስ ነውር ነው። በአንጻሩ አንድ ወጣት እስትንፋሱን ገታ አድርጎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙሉ ከራሱ መንቀጥቀጥ ጋር ብቻ የሚታገልበት ዕቃ ሆኖ ከተገኘ፣ ገንዘቡ የትምህርት ቤት ክፍያ ሆነ ማለት ነው።

ሽጉጥ የሚለው ቃል በእናቶቻችን ጆሮ የሚያመጣውን ትዝታ አንድ የተበሳ ወረቀት አይፍቀውም። ፈቅ ማድረግ ግን ይችል ይሆናል። ልጁ ከልምምድ ሲመለስ ወረቀቱን ለእናቱ ያሳያት፤ ቀዳዳዎቹን አብረው ይቁጠሩ። ሽጉጡን ሳይሆን ነጥቡን ትጠይቀው።